እግሩስ ተዘጋጀ፤ መንገዱስ?

ድሮ "በብስክሌት ደብረ ማርቆስ ልሄድ ነው" ያለ ሰው ይሳቅበት ነበር። ዛሬ የሚስቅ ጠፍቷል። ሰው ትክ ብሎ ያያችኋል፣ ግራና ቀኙን ይቃኛል፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና "ለመሆኑ መንገዱ ሰላም ነው?" ይላችኋል። በቃ። ስለ ዳገቱ የሚጠይቅ የለም። ስለ አባይ በረሃ ሙቀት፣ ስለ ሲኖትራኩ፣ ስለ ጉልበታችሁ የሚጠይቅ የለም። 300 ኪሎ ሜትር ተራራና ገደል በሁለት ጎማና በሁለት እግር አቋርጣለሁ የሚል ሰው ፊቱ ቆሞ ጤንነቱን የሚጠራጠር ከጠፋ፣ አገራችን የት እንደደረሰች ለማወቅ የባለሙያ ጥናት አያስፈልገንም።

እኔ ግን በቅድሚያ ስለ ዳገቱ ነው የምጽፈው። የሰላሙ ነገር የግድ ይመጣል፤ የትም አይሄድብንም። መጀመሪያ ግን እኛ በበኩላችን የራሳችንን ሥራ ሠርተን መገኘታችንን ልናገር። "ሕዝቡ ተነሳሽነት የለውም፣ ሁሉን ከመንግሥት ይጠብቃል" እያሉ በየስብሰባው ለሚወቅሱን ሹማምንት መልስ ይሆናልና።

አራት ነን። አንዱ አስተማሪ ነው፤ አንዱ የጭነት መኪና ሹፌር የነበረ ጡረተኛ፤ አንዱ ተመርቆ ሥራ ያጣ ጎረምሳ፤ አራተኛው እኔ። ሐሳቡ የመጣው ከጡረተኛው ነው። በሹፌርነት ዘመኑ የአባይን በረሃ ስንት ጊዜ ወርዶ እንደወጣው ቆጥሮ አይጨርስም። "በሞተር የወጣሁትን ዳገት አንድ ቀን በእግሬ ሳልወጣው አልሞትም" ብሎ ሦስታችንን አስከተለን።

መንገዱን ብዙዎቻችን በአውቶቡስ ውስጥ ተኝተን ነው የምናልፈው፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። ፈተናው የሚጀምረው ከአዲሱ ገበያ ወጥታችሁ የእንጦጦን ትከሻ ስትይዙ ነው፤ ገና ሰውነታችሁ ሳይሞቅ፣ ገና ቁርሳችሁ ሳይወርድ። ከዚያ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ። ይህን ሜዳ ነው ይሉታል፤ በብስክሌት ለሄደበት ግን የሱሉልታ ነፋስ ራሱ ሌላ ዳገት ነው። የደብረ ሊባኖስን መገንጠያ አልፋችሁ ፍቼ ስትደርሱ 110 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላችኋል። ከፍቼ ገርበ ጉራቻ፣ ከዚያ ጎሃ ጽዮን። ጎሃ ጽዮን ላይ መሬት ያልቃል። ከ2,400 ሜትር በላይ ከሆነው አምባ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ስታዩ ከበታቻችሁ ሌላ አገር ነው። አስፋልቱ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ግድም እየተጠማዘዘ፣ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩት ድልድይ ላይ ያርፋል። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ የወረዳችሁትን ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን። ከደጀን በሉማሜ አድርጎ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚቀረው 70 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ያን ያየ እግር የሚንቀው ነው።

"ይኼ የፈረንጅ እብደት ነው" ያለኝ ሰው አለ። የፈረንጅስ ቢሆን! ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከካይሮ ተነስተው ኬፕታውን ድረስ በብስክሌት የሚሄዱ ሰዎች ለዓመታት በዚሁ በረሃ አልፈዋል። የአባይንም ዳገት በሰዓት እየተለኩ፣ እየተሽቀዳደሙ ይወጡት ነበር። ከካይሮ የመጣ ሰው የወጣውን ከጉለሌ የተነሳ ሰው የማይወጣበት ምክንያት አይታየኝም። እንዲያውም እኛ አንድ ነገር እንበልጣቸዋለን፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ተወልደን፣ ስስ አየር ስበን ያደግን ነን። ፈረንጁ ሱሉልታ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረው እኛ እናወራለን። የኛ ፈተና በተቃራኒው ነው። ድልድዩ ጋ ስንወርድ የደጋ ገላችን ቆላ ይገባል፤ ያኔ ነው የሚለየን።

እናም ዝግጅቱ ከእግር ይጀምራል። ሦስት ወር መደብን። በመጀመሪያው ወር ጀግንነት ክልክል ነው፤ ሁለት ሰዓት በዝግታ፣ እያወሩ መንዳት። ማውራት ያቃተው ሰው ፈጥኗል ማለት ነውና ይቀንሳል። ጎረምሳው በዚህ ሕግ ሲናደድ ነው የከረመው። በሁለተኛው ወር ዳገት ገባን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም። በየቀኑ ዳገት የሚወጣ ሰው የሚጠነክር ይመስለዋል እንጂ እያለቀ ነው። ጡንቻ የሚገነባው ሲያርፍ ነው። ስለዚህ በየአራተኛው ሳምንት ልምምዱን በግማሽ እንቀንሳለን። ዋናው ቁም ነገር ያለው ግን በሦስተኛው ወር ነው፤ ቅዳሜ 80 ኪሎ ሜትር፣ እሑድ ደግሞ እንደገና 80። አንድ ቀን ሙሉ ብስክሌት መንዳት ብዙ ሰው ይችላል። በማግስቱ የተገተረ ጭን ይዞ፣ መቀመጫው እያቃጠለው፣ በጠዋት ተመልሶ ኮርቻ ላይ መውጣት ግን መለማመድ ይፈልጋል። ለሙቀቱም ሲባል አንዳንድ ጊዜ በእኩለ ቀን ወደ አዳማ አቅጣጫ ቁልቁል እንወርዳለን።

ጉልበታችሁን የምትወዱ ከሆነ ደግሞ ኮርቻውን አስተካክሉ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከተማችን ውስጥ የማየው ብስክሌተኛ አብዛኛው ኮርቻው ዝቅ ብሎ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አይቀረው። እንደዚያ ሆኖ እንጦጦን የወጣ ሰው ሐኪም ቤት ነው የሚወርደው።

ቀጥሎ ማርሽ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ስጡኝ፣ ሒሳብ አለበት። አብዛኛው ገበያችን ላይ የምታገኙት ብስክሌት ከፊት 44 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 28 ጥርስ ነው እንበል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ብስክሌቱም ከሦስት ሜትር በላይ ይሄዳል። ለቦሌ መንገድ ግሩም ነው። አባይ ላይ ግን መንገዱ በየመቶ ሜትሩ ስድስትና ሰባት ሜትር ሽቅብ ይወጣል፤ እዚያ ላይ በዚህ ማርሽ ጓዝ ጭኖ የሚወጣ ሰው ወይ ሻምፒዮን ነው ወይ ወርዶ ይገፋል። የፊቱን 34፣ የኋላውንም 34 ብታደርጉት ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ ዙር በአንድ ዙር፣ ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። በደቂቃ 60 ጊዜ ብታዞሩት በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ትሄዳላችሁ። 20ውን ኪሎ ሜትር ሳታርፉ ብትወጡት ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው። ያስቃል፤ ፈጠን ያለ እግረኛ ቅርባችሁ ነው። ግን ትወጣላችሁ! ዳገትን በትልቅ ማርሽ እወጣለሁ ብሎ የተነሳ ሰው መጨረሻው ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ፣ "በአጭር ጊዜ ውስጥ" የሚል ሐረግ ያለባቸውን የአገራችንን የልማት ዕቅዶች አንድ በአንድ ይመልከት።

ሰው ሁሉ ዳገቱን ይፈራል። ጡረተኛው ግን የሚፈራው ቁልቁለቱን ነው፤ ሲናገርም ቀልድ የለበትም። ፍሬን ይዞ ሃያ ኪሎ ሜትር መውረድ ማለት ቸርኬውን እንደ ምጣድ ማጋል ነው። ቸርኬው ሲግል ካላማዳሪው ይፈነዳል፤ የፊተኛው ከፈነዳ ደግሞ መሪው አይታዘዝም፤ በአንድ በኩል ገደል በሌላው በኩል ሲኖትራክ ነው። ስለዚህ ፍሬን ተይዞ አይወረድም፤ ጠበቅ፣ ለቀቅ፤ ጠበቅ፣ ለቀቅ። በሁለቱም ፍሬን። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ቸርኬውን በእጅ ጀርባ መዳሰስ ነው፤ ካቃጠለ ቁጭ ብሎ ዝንጀሮ ማየት ነው። አስፋልቱም ቢሆን አይታመንም። ገደሉ ራሱ እየተንሸራተተ አንዳንድ ቦታ ላይ መንገዱን እንደ ማዕበል አጥፎታል። ሲኖትራኩን ደግሞ ሕዝቡ "ቀይ ሽብር" ብሎ የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። የኋላ መምጣቱን ስትሰሙ የምትከራከሩበት ጉዳይ የለም፤ ጥጋችሁን ያዙ።

(በነገራችን ላይ ብስክሌት አገራችን ውስጥ እስከ ዛሬ የሚናገረው በጣሊያንኛ ነው። ብስክሌት፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ጎሚስታ፤ ሁሉም ከዚያው ነው የመጡት። ጣሊያንን በአምስት ዓመት አባረን ቃላቱን ግን ጎሚስታው ቤት አስቀረናቸው። ደግ አደረግን፤ ጠቅመውናል።)

ስንቅን በተመለከተ ፈረንጅ የሚያስተምረን ነገር የለም። አያቶቻችን ለዘመቻ የያዙት በሶ ከማንኛውም የታሸገ የስፖርተኛ ምግብ አያንስም። አንድ ሰው ከነብስክሌቱና ከነጓዙ 90 ኪሎ ቢመዝን፣ ከድልድዩ ደጀን ለመውጣት ሰውነቱ ከ1,000 ኪሎ ካሎሪ በላይ ያቃጥላል፤ ይህም በደረቁ ሲሶ ኪሎ ግድም በሶ ማለት ነው። አስተማሪው ጿሚ ነውና በሶው በስኳር ተለውሶ ከኪሱ አይጠፋም። ቆሎም ይያዛል፤ ግን ሽቅብ እየወጡ ቆሎ መቆርጠም ትንፋሽ ያሳጣል፤ ለዕረፍት ይቆይ። ውሃ ለያንዳንዱ ሰው አራት ሊትር። በአንዱ ሊትር ውስጥ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ትበጠብጣላችሁ፤ ለተቅማጥ ሕፃን የሚሰጠው ነው፤ ላብ ለጨረሰውም አዋቂ ያው መድኃኒት ነው። ጥማት እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ቆላ ላይ ጥማት ዘግይቶ ነው የሚመጣው።

ሰዓቱም ተቆርጧል። ከጎሃ ጽዮን ከጠዋቱ 12 ሰዓት እንነሳለን፤ አንድ ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ድልድዩ ላይ፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ሳትወጣ አምስት ሰዓት ላይ ደጀን። ከዚያ በኋላ በረሃው ለባለ ሞተሮች ይለቀቃል።

ይህን ሁሉ ያዘጋጀነው በየትኛው ገንዘብ ነው ብትሉ፣ እሱ ራሱ ሌላ ዳገት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ብስክሌት ውስጥ አገር ቤት የተሠራ ዕቃ ከኮርቻው ሽፋን ሌላ እምብዛም አይገኝም። ጎረምሳው የኋላ ማርሹን ለመለወጥ ሁለት ወር ምሳውን ቀንሶ አጠራቅሟል። "ጋሼ፣ ክብደት መቀነስም የልምምዱ አካል ነው" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። አልሳቅኩም።

አሁን ወደ ሹማምንቱ ልመለስ።

በደንቡ መሠረት እንሂድ ብለን አንድ መሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ልንጠይቅ ገባን። ስሙን አልጠራም፤ የተለየ በደልም አልፈጸመብን፤ ሌላውም ቤት ቢሆን ያው ነው። ወጣቱ ኃላፊ ማመልከቻችንን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ዓላማችሁ ምንድን ነው?"

"ብስክሌት መንዳት።"

"እሱማ ገባኝ። ዓላማው ማለቴ ነው።"

"ደብረ ማርቆስ መድረስ።"

"ደብረ ማርቆስ ምን አላችሁ?"

ጡረተኛው "ዳገቱን ነው የፈለግነው" አለ። ኃላፊው ጭራሽ ጠረጠረ።

"ከማን ጋር ነው የምትሠሩት? አስተባባሪው አካል ማነው? ባነር አላችሁ? መሪ ቃል?"

መሪ ቃል የለንም አልነው። ቢኖረን ኖሮ፣ "ለሰላምና ለብልፅግና እንጋልባለን" የሚል ጨርቅ ብስክሌቱ ላይ ብናስር ኖሮ፣ ደብዳቤው በዚያው ዕለት ሳይተየብ አይቀርም ነበር። አራት ሰዎች በገዛ እግራቸው፣ ያለ መፈክር፣ በገዛ አገራቸው ዳገት ሊወጡ ፈለጉ ብሎ ለመቀበል ግን የሚሞላ ቅጽ አልተዘጋጀለትም። "ለማንኛውም" አለን በመጨረሻ፣ አሁን እንደ ሰው ሆኖ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ የእናንተ ልጅ ብሆን አልለቃችሁም ነበር።" አልተቆጣሁትም። እሱም የሚያውቀውን ያውቃል።

ምን እንደሚያውቅ በቀን ልንገራችሁ። ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ አንድ ዙር አሸነፈ፤ ከጥቁር አፍሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። በዚያው ውድድር ሁለት ዙር ደግሞ፣ አረንጓዴውንም ማልያ ለብሶ ፓሪስን ሳይሆን ዓለምን አስጨበጨበ። ይህ ልጅ ያደገው እኛ ጋ ያለውን በሚመስል ደጋ ላይ፣ ከአስመራ ወደ ቀይ ባሕር የሚወርደውንና የሚወጣውን መንገድ በሚያውቁ ብስክሌተኞች መሐል ነው። እዚያ ነፃነት ሞልቶ ተርፎ ነው አልልም፤ ስደተኛው ይመስክር። ብስክሌት ግን እዚያ ከአባት ለልጅ ይወርሳል፤ መንገዱም ለጋላቢ ክፍት ነው። ቢንያም ባሸነፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 26፣ እኛ የምንዘጋጅበት መንገድ ላይ፣ ገርበ ጉራቻ አቅራቢያ፣ ከመቶ በላይ መንገደኞች ከአውቶቡስ ወርደው በታጣቂዎች ታገቱ። አብዛኞቹ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ነበሩ። ወላጆች ቤዛ ክፈሉ ተባሉ። መንግሥት አብዛኞቹን አስለቅቄያለሁ አለ፤ ቤተሰብ ግን ልጄ አልመጣም እያለ ያለቅስ ነበር።

እኛም እኮ የብስክሌት አገር ነበርን! በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ሯጮቿን ብቻ ይዛ አልሄደችም፤ እነ ገረመው ደንቦባን ይዛ በብስክሌትም ተወዳድራለች። በ2008 ዓ.ም. የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ጋልቧል። ከዚያ አራት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላ መቀሌ ጦርነት ውስጥ ገባች። ልጆቹ ልምምድ የሚሠሩበትን መንገድ ታንክ ሄደበት። እግር ሳይጠፋ፣ ሳምባ ሳይጠፋ፣ መንገድ ነው የጠፋን።

ፍትሐዊ ልሁን። ኅዳር 2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ በወር አንዴ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የማይነዳበት መንገድ ሲከፈት ደስ ብሎኛል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ ውስጥ የብስክሌት መሥመር ተቀብቶ ሳይም ደስ ብሎኛል። በጎህ እንለማመድበታለን፤ የሠራውን እጅ አልረግምም። ነገር ግን እኔን ለሃያ ዓመት ቸርኬ ያቃናልኝ የነበረው ሰው የቆርቆሮ ሱቁ በዚያው ሥራ ፈርሳ ከመሐል ከተማ ተነሳ። ዛሬ የብስክሌቱ መንገድ አለ፤ ብስክሌቱን የሚጠግነው ሰው የት እንደገባ ግን ለማግኘት ሁለት ታክሲ መያዝ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ይህ መሥመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚያደርስ ነው። መብራት አለው፣ አበባ አለው፣ ካሜራ አለው፤ ከተማው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ከሱሉልታ ማዶ ያለው አገር የማን ነው? እዚያ የሚኖረው ገበሬ፣ እህሉን ጭኖ የሚወጣው ሹፌር፣ ለበዓል እናቱን ሊጠይቅ የሚሄደው ተማሪ፣ እነሱ የትኛው ኮሪደር ውስጥ ናቸው?

በተራራ የተሞላ አገር ውስጥ በብስክሌት ለመሄድ የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ ሰው በራሱ ማሟላት ይችላል። እግሩን ያለማምዳል፣ ማርሹን ይለውጣል፣ በሶውን ይይዛል። በኦሮሚያ ሲያልፍ "አካም ጅርቱ" ብሎ ቀድሞ ሰላም ይላል፤ ድንጋይ አንስቶ የነበረው ሕፃን ድንጋዩን ጥሎ አብሮ ይሮጣል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ነው ከአቅሙ በላይ የሆነው፤ መንገዱ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚጠብቀውን ሰው። ያ የመንግሥት ሥራ ነው። ግብር የምንከፍለው ለሱ ነው።

ታጣቂዎቹንም ነፃ አላወጣም። በየትኛውም ዓላማ ስም፣ በየትኛውም ሕዝብ ስም፣ ተማሪ አግቶ ከድሃ እናት ገንዘብ መጠየቅ ውንብድና ነው። ግን ወንበዴ መኖሩን ነግሮ ዝም የሚል መንግሥትም መልስ አለበት። ከኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ጋር ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ዛንዚባር ላይ፣ ኅዳር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ዳሬ ሰላም ላይ ተነጋገሩ፤ ሁለቱም ጊዜ ያለ ስምምነት ተበተኑ። ምን ላይ እንደተጣሉ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በወጉ አልተነገረውም። ከድልድዩ ማዶ፣ አማራ ክልል ውስጥ፣ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በስድስት ወሩ ተራዘመ፤ አዋጁ ጊዜው አበቃ ሲባል ተኩሱ አብሮ አላበቃም። እኛ የምንሄድበት መንገድ ሁለቱንም ነው የሚያቋርጠው። አንድ ድልድይ፣ በሁለቱም በኩል የተዘጋ ንግግር።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ እውነቱ ይነገረን። የትኛው መንገድ በየትኛው ቀን ክፍት እንደሆነ፣ የት ሰው እንደታገተ፣ የት እንደተለቀቀ፣ በይፋ ይገለጽ። ዛሬ ሰው መረጃ የሚያገኘው ከሹፌርና ከአጎቱ ልጅ በስልክ ነው። የመንገድ ወሬ ሐሜት የሆነበት አገር ውስጥ ቤዛ የሚሰበስበው ሰው ነው የሚጠቀመው። ሁለተኛ፣ ወደ ጠረጴዛው ይመለሱ። ሦስት ጊዜ ቢፈርስ አራተኛ ይቀመጡ፤ ዳገት በአንድ ትንፋሽ አይወጣም።

እስከዚያው እኛ ልምምዳችንን አላቆምንም። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ሲገባ፣ መሬቱ ደርቆ አደዩ ሳይረግፍ፣ መነሳት ነበር ሐሳባችን። አስተማሪው ጎሃ ጽዮን ዘመድ አለው፤ ሐሙስ ሐሙስ ይደውልለታል። ዘመዱ አንድም ቀን "ኑ" ብሎ አያውቅም፤ አንድም ቀን "አትምጡ" ብሎ አያውቅም። "እስቲ ትንሽ ቆዩ" ነው የሚለው። ትንሽ ማለት ስንት እንደሆነ የሚነግረን የለም።

በሚመጣው ቅዳሜ ጫንጮ ደርሰን እንመለሳለን። ጡረተኛው ትርፍ የፍሬን ጎማ አግኝቷል፤ ሁለት ጥንድ ነው፤ ለአራት ብስክሌት አይበቃም። ከአንባቢዎች መሐል ያልተሠራበት ያለው ቢኖር በተመጣጣኝ ዋጋ እንገዛለን፤ ለዝግጅት ክፍሉ ይንገር።